«ማዘር»፦ የጃፓኑ ድራማና የኮሪያው ዳግም ሥራ፤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በ2010 በጃፓን የተሠራውን «ማዘር» የተባለ ተከታታይ ድራማና በ2018 በደቡብ ኮሪያ በዚያው ስም ዳግም የተሠራውን የሚመለከቱ ናቸው። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል። መልሶቹ የሁለቱንም ድራማዎች ፍጻሜ ስለሚገልጡ፣ ታሪኩን ሳያውቅ ማየት የሚፈልግ አንባቢ የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ አንብቦ፣ ድራማዎቹን አይቶ ቢመለስ ይሻላል።

የሚነጻጸሩት ሥራዎች በትክክል የትኞቹ ናቸው?

የመጀመሪያው ከኤፕሪል 14 እስከ ጁን 23 ቀን 2010 ድረስ በኒፖን ቴሌቪዥን ረቡዕ ረቡዕ ማታ በ11 ክፍሎች የቀረበው ነው። የጻፈው ሳካሞቶ ዩጂ ሲሆን ዋና ዳይሬክተሩ ሚዙታ ኖቡኦ ነው። ሳካሞቶ ዘግይቶ፣ በ2023፣ በካን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማት ያገኘ ደራሲ ነው። «ማዘር» ላይ የጀመረውን የእናትነት ጥያቄም በኋላ ከሚዙታ ጋር በሠራቸው ሌሎች ድራማዎች እየተመላለሰ አንሥቶታል።

ሁለተኛው ቲቪኤን በተባለው የኮሪያ የኬብል ጣቢያ ከጃንዋሪ 24 እስከ ማርች 15 ቀን 2018 ረቡዕና ሐሙስ በ16 ክፍሎች ቀረበ። ጸሐፊዋ ጆንግ ሶግዮንግ ከዳይሬክተር ፓርክ ቻንዉክ ጋር በርካታ ፊልሞችን በመጻፍ የምትታወቅ ናት፤ ያዘጋጀው ደግሞ ኪም ቾልግዩ ነው። ይህ ሥራ በ2018 በኮሪያ የቤክሳንግ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ድራማ ተብሎ ተመርጧል፤ በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካን የተከታታይ ድራማዎች ፌስቲቫልም ለውድድር ቀርቧል።

ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

ናኦ በሆካይዶ ደሴት፣ በሙሮራን ከተማ፣ ስደተኛ ወፎችን የምታጠና፣ ከሰው ጋር መቀራረብ የማይሆንላት ሴት ናት። የምትሠራበት የዩኒቨርሲቲ የምርምር ክፍል ሲዘጋ ለጊዜው በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ትሆናለች፤ እዚያም ሬና ከምትባል የ7 ዓመት ተማሪ ጋር ትተዋወቃለች። ሬና በቤቷ ትራባለች፣ ትደበደባለች። አንድ ሌሊት በቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ታስራ ውጭ በብርድ ተጥላ ናኦ ታገኛታለች። ከዚያ በኋላ ናኦ ለሕግ ማመልከትን ትታ ልጅቱን ይዛ ትሰወራለች፤ ባሕር ውስጥ ሰጥማ የሞተች እንድትመስል ታደርጋለች፤ ልጅቱም ሬና መባሏ ቀርቶ ትሱጉሚ የሚል አዲስ ስም ይወጣላታል። ሁለቱ እናትና ልጅ መስለው ወደ ቶኪዮ ይሄዳሉ።

ቶኪዮ ውስጥ ናኦን በጉዲፈቻ ያሳደገቻት ቶኮ አለች። በ5 ዓመቷ ትታት የሄደችው ወላጅ እናቷ ሃናም ማንነቷን ሳትገልጥ ቀስ በቀስ ትቀርባታለች። ሙሮራን ውስጥ ደግሞ የሬና ወላጅ እናት ሂቶሚ ቀርታለች። ስለዚህ ድራማው የአንዲት ልጅ መሰረቅ ታሪክ ቢመስልም በውስጡ አራት እናቶች አሉ፤ ክርክሩም በእነርሱ መካከል ነው።

በኮሪያው ሥራ ናኦ ካንግ ሱጂን፣ ሬና ኪም ሄና ይባላሉ፤ ልጅቱ ከሸሸች በኋላ የምትጠራበት ስም ዩንቦክ ነው። የታሪኩ አጥንት አልተነካም፤ የፌስታሉ ሌሊት፣ የባሕሩ ዳርቻ፣ ሽሽቱ፣ መያዙ፣ ፍርድ ቤቱ ሁሉም በቦታቸው አሉ።

ታዲያ የኮሪያው የጃፓኑ ግልባጭ ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ ምክንያቱም የሚጀምረው ከሰዓቱ ነው። የጃፓን ተከታታይ ድራማ በአብዛኛው በአንድ የሩብ ዓመት ዙር ተጀምሮ ያልቃል፤ በሳምንት አንድ ክፍል፣ ማስታወቂያው ሲቀነስ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት የማይሞላ። የኮሪያው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በ16 ክፍል፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ ያው ታሪክ ኮሪያ ሲደርስ ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ጊዜ ተሰጠው። ጆንግ ሶግዮንግ ይህን ጊዜ በምን እንደሞላችው ማየት የዳግም ሥራው ዋና ፍቺ ነው። አንዳንዱን በፍርሃትና በማሳደድ ሞላችው፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ግን ለእናቶቹ ሰጠችው።

የጃፓኑ ካሜራ ሰውን ከሩቅ የሚያይበት፣ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ የሚነጋገሩበት፣ ዝም ተብሎ የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ነው። ናኦን የተጫወተችው ማትሱዩኪ ያሱኮ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ፊቷ የማይፈታ፣ ድምፅዋ የማይወጣ ሆና ትቆያለች፤ ይህ ደረቅነት ቀስ እያለ ሲለሰልስ ማየት የድራማው ትልቁ ሀብት ነው። ሊ ቦዮንግ የተጫወተቻት ሱጂን ግን ስሜቷ ከቆዳዋ ብዙ አይርቅም፤ ገና ከመጀመሪያው ቁስሏ ይታያል። ሁለቱም አሠራሮች ትክክል ናቸው። እኔ በግሌ የማትሱዩኪን ዝግታ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የማታለቅስ ሴት አንድ ቀን ስታለቅስ ተመልካቹ እስከዚያ ድረስ የጠበቀውን ሁሉ አብሮ ያለቅሳል።

ልጅቱን ያሠቃየችው ወላጅ እናት በሁለቱ ሥራዎች እንዴት ተሣለች?

በእኔ እምነት ሁለቱ ሥራዎች ከሁሉ ይልቅ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የጃፓኗ ሂቶሚ፣ ኦኖ ማቺኮ የተጫወተቻት፣ በመጀመሪያ ስትታይ የምታስጠላ ሴት ናት። ከወንድ ጓደኛዋ ከማሳቶ ጋር ሆና ልጇ ስትጎዳ አይታ እንዳላየች የምትሆን፣ ራሷም እጇን የምታነሣ ናት። ሳካሞቶ ግን ታሪኩ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ወደ ኋላ ይመልሰንና ሂቶሚን ልጇን ብቻዋን ለማሳደግ ስትታገል ያሳየናል። ልጇን የምትወድ፣ ጠዋት ሥራ ለመድረስ የምትሮጥ፣ በርቺ የሚላት እንጂ ልጁን ለአንድ ሰዓት የሚይዝላት ሰው የሌላት ወጣት እናት ናት። በዚያች ሴትና ፌስታሉን ባሰረችው ሴት መካከል አንድ ትልቅ ክፋት የለም፤ ብዙ ትንንሽ ድካሞች፣ ብዙ ትንንሽ ችላ ማለቶች አሉ። ደራሲው ይቅር በሏት አይልም፤ የልጅቱ ቁስል በማናቸውም ምክንያት አይሸፈንም። ነገር ግን ተመልካቹ «እኔ እንዲህ አላደርግም» ብሎ በቀላሉ ተነሥቶ እንዳይሄድ መንገዱን ይዘጋበታል። ከሁለቱም ድራማዎች በድፍረቱ የሚበልጥብኝ ክፍል ይህ ነው።

ጎ ሶንግሂ የተጫወተቻት የኮሪያዋ ሺን ጃዮንግ ኋላ ታሪኳ ቢነገርም ከሂቶሚ ይልቅ የቀዘቀዘች ናት። የምትፈልገው መወደድን ነው፤ ልጇም ለዚያ መወደድ እንቅፋት ሆና ትታያታለች። ከመጠን ያለፈ ክፋት አልተጫነባትም፣ ግን ተመልካቹ ከእርሷ ጋር ራሱን የሚያይበት መስኮት ጠባብ ነው። የኮሪያው ሥራ ያንን መስኮት ወደ ሌላ ሰው አዞረው።

ያ ሌላ ሰው የጃዮንግ ወንድ ጓደኛ ሶልአክ ነው? ለምን ይህን ያህል ቦታ ተሰጠው?

አዎን። በጃፓኑ ድራማ አያኖ ጎ የተጫወተው ማሳቶ ሰነፍና ጨካኝ ሰው ነው፤ አስፈሪነቱ ግን ከታሪኩ ዳር አያልፍም። ሶን ሶክጉ የተጫወተው የኮሪያው ሶልአክ ታሪኩን ወደ ፍርሃት ድራማ ይጎትተዋል፤ ልጅቱን እስከ ማገትና ገንዘብ እስከ መጠየቅ ይደርሳል። በዚያው ላይ እርሱም በልጅነቱ የተሠቃየ መሆኑ ይነገራል፤ ይኸውም ጥቃት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚተላለፍ ለማሳየት ነው።

ሶን ሶክጉ ድንቅ ተዋናይ ነው፤ በዝምታው ብቻ ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል። ቢሆንም ይህ ለውጥ ዋጋ አስከፍሏል። አስፈሪ ወንድ ወደ መድረኩ መሃል ሲመጣ የልጅ መጎዳት የአንድ ክፉ ሰው ሥራ ይመስላል፤ ሳካሞቶ ግን ያለው ማንም አስፈሪ ሰው ሳይኖር፣ በተራ ቤት ውስጥ፣ በተራ ድካም ልጅ ሊጠፋ እንደሚችል ነው።

የኮሪያው ሥራ ከጃፓኑ የሚበልጥበት ቦታ አለ?

አለ፤ እርሱም አሳዳጊ እናቲቱ ናት። በጃፓኑ ታካሃታ አትሱኮ የተጫወተቻት ቶኮ የድርጅት ባለቤት፣ ቤቷን በሥርዓት የምታስተዳድር ጠንካራ ሴት ናት። ጉዳዩ ሲወጣ ከናኦ ጋር ያላትን የጉዲፈቻ ትስስር እስከ ማፍረስ ትደርሳለች፤ ሌሎች ሁለት ሴቶች ልጆች አሏትና፣ አንደኛዋም ነፍሰ ጡር ናትና። ይህ የእናት ፍቅር የሚፈጥረው ጭካኔ ነው፣ በትክክልም ተሥሏል።

ጆንግ ሶግዮንግ ግን ይህችን ሴት ወስዳ በአገሩ የታወቀች ታላቅ ተዋናይት አደረገቻት። ሊ ሄዮንግ የተጫወተቻት ቻ ዮንግሺን ስትገባ ቤቱ ሁሉ ይሞላል፤ ትቆጣለች፣ ታዛለች፣ ትታመማለች፣ በሕመሟ ላይም ትኮራለች። ተዋናይት መሆኗ ጌጥ ብቻ አይደለም። እናትነትን እንደ ሥጋ ጉዳይ ሳይሆን በየቀኑ ተነሥተው እንደሚሠሩት ሥራ የያዘች ሴት ናት፤ ሦስቱንም ሴቶች ልጆቿን ያገኘቻቸው በመውለድ አለመሆኑ ሲገለጥ፣ እስከዚያ የታየው ቁጣዋና ቅናቷ ሁሉ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ወላጅ እናት ብቅ ስትል የምትፈራው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባናል።

ሞትም ቦታውን ቀይሯል። በጃፓኑ ድራማ ታምማ የምትሞተው ወላጅ እናቷ ሃና ናት፤ ታናካ ዩኮ ይህችን ሴት የተጫወተችበት ዕርጋታ ከአእምሮ አይጠፋም። ልጅቱ ሃናን የምትጠራበት ቅጽል ስም በአማርኛ «እትዬ ዝንጉ» ብንለው የሚቀርብ ነው፤ ሃናም እናት መባል የማይገባት መሆኑን ስላመነች በዚያ ስም ደስ ብሏት ትኖራለች። በኮሪያው ሥራ ግን በካንሰር የምትሞተው አሳዳጊዋ ዮንግሺን ናት፤ ናም ጊኤ የተጫወተቻት ወላጅ እናት ናም ሆንግሂ የጸጉር ቆራጭ ቤት ያላት፣ አንገቷን ደፍታ የምትኖር ሴት ናት። ጃፓን ለወላጅዋ አለቀሰች፣ ኮሪያ ለአሳዳጊዋ። ሁለቱ እናቶች ልጃቸውን ይዘው በአንድ ክፍል ሲቀመጡ፣ አንዷ ስለ ወለደች አንዷ ስለ አሳደገች ሳይሆን ሁለቱም ስለ አፈሩ የሚተያዩባቸው የኮሪያው ትዕይንቶች በጃፓኑ ውስጥ አቻ የላቸውም ብዬ አምናለሁ።

ከሁለቱ ሕፃናት ተዋንያን የትኛዋ ትበልጣለች?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለሚነሣ መልስ ይገባዋል፤ ሆኖም ሁለቱ ልጆች የተጫወቱት አንድ ዓይነት ልጅ አይደለም። አሺዳ ማና የተወለደችው ጁን 23 ቀን 2004 ነው፤ ስለዚህ ድራማው ሲተላለፍ የነበረችው የ5 ዓመት ልጅ ናት፣ የመጨረሻው ክፍል የታየውም 6 ዓመት በሞላችበት ዕለት ነው። ከእርሷ የምትበልጥ የ7 ዓመት ልጅ ሆና የተጫወተች ትንሽ ልጅ መሆኗ በራሱ ለሬና የሚያስፈልጋትን ነገር ሰጥቷታል፦ ሰውነቷ ያነሠ፣ ንግግሯ የበሰለ። የምትወዳቸውን ነገሮች በደብተር ስትመዘግብ፣ በተለይ አረንጓዴ ለስላሳ ላይ አይስክሬም የሚደረግበትን መጠጥ ስም ስትጠራ፣ የሚሰማው የልጅ ጨዋታ አይደለም፤ ሌላውን ላለማሰብ የተያዘ ዘዴ ነው።

ሆ ዩል የተጫወተቻት ሄና ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ ንቁ፣ አዋቂዎችን አስቀድማ የምታነብ ልጅ ናት። ሆ ዩል በዚህ ሥራ በ2018 የቤክሳንግን የምርጥ አዲስ ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች። አሺዳን ሳይ ላድናት እወዳለሁ፤ ሆ ዩልን ሳይ ደግሞ ራሷን ስታድን አያታለሁ። ከዚህ በላይ ማበላለጥ አልችልም።

ትርጉም ሲነበብ የሚጠፋ ነገር አለ?

አንድ ትልቅ ነገር ይጠፋል። በጃፓኑ ድራማ ሬና ወላጅ እናቷን ሂቶሚን «ማማ» ብላ ነው የምትጠራት፤ ናኦን ግን መጀመሪያ «መምህር»፣ ኋላ «ኦካሳን» ትላታለች። ሁለቱም ቃላት እናት ማለት ናቸው፤ ነገር ግን ልጅቱ አንዱን ለአንዷ፣ ሌላውን ለሌላዋ ለይታ አስቀምጣለች። አዲስ እናት ስታገኝ የፊተኛዋን ስም ነጥቃ አልሰጠቻትም። ከሥር የሚጻፈው ትርጉም ሁለቱንም በአንድ ቃል ሲያወጣቸው ይህ ልዩነት አይታይም።

አማርኛ ግን ይህን ሊሸከም ይችላል። በከተማ ቤቶቻችን «ማሚ» እና «እማዬ» ጎን ለጎን የሚኖሩ ቃላት ናቸውና፣ ሂቶሚን «ማሚ»፣ ናኦን «እማዬ» የምትል ሬና ብትኖር የአማርኛ ተመልካች ያለ ማብራሪያ ይረዳ ነበር። በኮሪያው ሥራ ልጅቱ ለሁለቱም የምትለው «ኦማ» ነው። ስለዚህ እዚያ ክብደቱ ከቃሉ ወደ ቅጽበቱ ተዛውሯል፤ ሱጂንን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደዚያ ብላ የምትጠራበት ጊዜ ራሱ ክስተት ነው።

የልጅቱ አዲስ ስምም እንዲሁ ነው። ትሱጉሚ የአንድ ስደተኛ ወፍ ስም ነው፤ ወፎችን ለምታጠና ሴት ልጅ ስትሆን ራሷ ወፍ ትሆናለች። የኮሪያው «ዩንቦክ» የወፍ ስም አይደለም፤ ተራ የሰው ስም ነው። ወፎቹ በኮሪያውም ውስጥ አሉ፣ ሱጂንም ለወፍ ጥናት ወደ አይስላንድ ለመሄድ የተዘጋጀች ነበረች፤ ስሙና ወፉ ግን ተለያይተዋል።

ጋዜጠኛው ወዴት ጠፋ?

በጃፓኑ ያማሞቶ ኮጂ የተጫወተው ፉጂዮሺ የተባለ ጋዜጠኛ የናኦን ምሥጢር ደርሶበት መጀመሪያ ገንዘብ ሊያገኝበት ይሞክራል፣ ኋላም ከጎኗ ይቆማል። በኮሪያው ይህ ሚና ለሁለት ተከፍሎ፣ ማሳደዱ ለአንድ መርማሪ ፖሊስ፣ መርዳቱ ለአንድ ሐኪም ተሰጥቷል። መከፈሉ ነገሩን ግልጽ አድርጎታል፤ በአንድ ሰው ውስጥ የነበረው የኅሊና ትግል ግን ሳስቷል።

ታሪኩ በእውነተኛ ክስተት ላይ የተመሠረተ ነው?

አይደለም፤ ልብ ወለድ ነው። ነገር ግን ሁለቱም አገሮች ድራማውን የተመለከቱት ከቁስላቸው ጋር ነው። ጃፓን የሕፃናትን ጥቃት ለመከላከል ራሱን የቻለ ሕግ ያወጣችው በ2000 ነው፤ ድራማው ካለቀ ከአንድ ወር ጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጁላይ 2010 መጨረሻ፣ በኦሳካ ከተማ ብቻቸውን በአፓርታማ የተተዉ ሁለት ሕፃናት ሞተው ተገኙ፤ አገሪቱም በሐዘን ተመታች። ሂቶሚን ያየ ሰው ያንን ዜና ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም። በኮሪያ ደግሞ በ2013 በኡልሳንና በቺልጎክ ልጆች በቤታቸው ተደብድበው ከሞቱ በኋላ የተነሣው ቁጣ፣ በሴፕቴምበር 2014 ሥራ ላይ የዋለውን የሕፃናት ጥቃት ወንጀሎች ልዩ ሕግ አስከተለ። የ2018ቱ ድራማ የተሠራው ያ ክርክር ገና ባልበረደበት ጊዜ ነው፤ መምህራን፣ ፖሊሶችና ጎረቤቶች የልጅቱን ሁኔታ እያዩ እንዴት እንዳለፉት ለማሳየት ጊዜ የሚወስደውም ስለዚህ ይመስለኛል።

ድራማው ልጅ መስረቅን ያበረታታል?

ሁለቱም ሥራዎች ናኦንና ሱጂንን ፍርድ ቤት ያቆሟቸዋል፤ ሁለቱም ጥፋተኛ ይባላሉ፣ ቅጣቱም በገደብ ይሆናል። ሕጉ ተሳስቷል አይባልም። የሚጠየቀው፣ ሕጉ ልጅቱ ፌስታል ውስጥ በነበረችበት ሌሊት የት እንደነበረ ነው።

ሁለቱ ፍጻሜዎች ለምን ተለያዩ?

ከመያዙ በኋላ ልጅቱ በሕፃናት ማሳደጊያ ሆና በስልክ የምትለው አንድ ቃል አለ፤ በሁለቱም ሥራዎች ይገኛል። «እማዬ፣ አንድ ጊዜ እንደገና ስረቂኝ።» እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ታሪኮች እጅ ለእጅ ተያይዘው መጥተዋል ማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

በጃፓኑ ድራማ ትሱጉሚ ከሆካይዶ ብቻዋን ተነሥታ ቶኪዮ ድረስ ትመጣለች። ናኦም እንደገና አልሰረቀቻትም። አብረው ጥቂት ጊዜ ካሳለፉ በኋላ ራሷ ወደ ማሳደጊያው ትመልሳታለች፣ በትሱጉሚ እጅም 20 ዓመት ሲሞላት የምትከፍተው ደብዳቤ ትሰጣታለች። በዚያን ጊዜ የጃፓን ሕግ ሰውን አዋቂ የሚለው በ20 ዓመቱ ነበር፤ ስለዚህ ደብዳቤው የተቀጠረው ማንም ሊለያያቸው ለማይችልበት ቀን ነው። በደብዳቤው ውስጥ ስደተኛ ወፎች በከዋክብት እየተመሩ መንገዳቸውን እንደሚያገኙ ተጽፏል። የወፍ ተመራማሪ የሆነች ሴት ለልጇ የምታወርሰው ሌላ ምን አላት? ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ የከበደኝ መለያየቱ ሳይሆን፣ ናኦ ልጅቱን ስትመልስ እጇ አለመንቀጥቀጡ ነው።

በኮሪያው ሥራ ሱጂን ከልጅቱ እንዳትገናኝ ታግዳ ትቆያለች፤ ጊዜው አልፎ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ፣ በጉዲፈቻ ሕጋዊ እናትና ልጅ ለመሆንም በሩ ይከፈትላቸዋል። ብዙ ተመልካች የሚፈልገው ይህን ነው፤ 16 ክፍል ሙሉ ከተሠቃየች ልጅ ጋር የቆየ ሰው ይህን መፈለጉ አያስነቅፈውም።

ልዩነቱን «ጃፓኖች ሐዘን ይወዳሉ፣ ኮሪያውያን ደስታ» በሚል መፍታት ግን ሰነፍ መልስ ነው። በከፊል ከሕጉ ይመጣል። በጃፓን ከወላጅ ጋር ያለውን ትስስር ሙሉ በሙሉ የሚቆርጠው ልዩ ጉዲፈቻ የሚፈቀደው ለባልና ሚስት ብቻ ነው፤ ያላገባችና በልጅ ስርቆት የተፈረደባት ናኦ በዚያ መንገድ ልትሄድ አትችልም። በኮሪያ ያላገባ ሰውም በጉዲፈቻ ልጅ መውሰድ ይፈቀድለታል። በከፊል ደግሞ ከታሪኩ ውስጥ ይመጣል። በኮሪያው ዮንግሺን ሳትወልድ ሦስት ልጆች አሳድጋ ሞታለች፤ ሱጂን የምትቀጥለው የእርሷን ሥራ ነው፤ ስለዚህ የጉዲፈቻው ፍጻሜ ከዚያው የተዘራ ዘር ነው። በጃፓኑ ግን ናኦ የምትከተለው ሃናን ነው፦ ልጇን ለማዳን ስትል ከልጇ የራቀችውን፣ ከረጅም ዘመን በኋላም የተገናኘችውን እናት። የናኦ ደብዳቤ ያንኑ ርቀት፣ ግን አስቀድሞ ምክንያቱን ነግሮ፣ የሚደግም ነው። ሁለቱም ፍጻሜዎች እያንዳንዱ ድራማ ከመረጠው እናት የወጡ ናቸው። እኔን ይዞ የቀረው የጃፓኑ ነው፤ ፍቅር መያዝ ብቻ አለመሆኑን፣ መጠበቅም መሆኑን ያለ አንዳች ማባበል ስለ ነገረኝ።

«ማዘር» በሌላ አገርም ተሠርቷል?

ከኮሪያው በፊት በቱርክ «አንነ»፣ ማለትም «እናት»፣ ተብሎ በ2016 ተጀምሮ እስከ 2017 በ33 ክፍል ታይቷል። በዚያ ልጅቱ የምታገኘው ስም ቱርና ነው፤ ትርጉሙም ክሬን የተባለው ረጅም እግር ያለው ወፍ ነው። ይህን በማድረጉ የቱርኩ ሥራ በስሙ ነገር ከኮሪያው ይልቅ ለጃፓኑ የቀረበ ነው። በኋላም በፈረንሳይና በስፔን ተሠርቷል። በአማርኛ ድምፅ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን ለዓመታት ሲመለከት ለቆየው የኢትዮጵያ ተመልካች የቱርኩ አካሄድ፣ ሰፊው ቤተሰብና ረጅሙ ክፍል፣ ከሦስቱ ይበልጥ የሚለመድ ሊሆን ይችላል።

ከልጆች ጋር ሊታይ ይችላል?

አይመከርም። ሁለቱም ልጅ ስትጎዳ በግልጽ ያሳያሉ፤ ከኮሪያው የእገታው ክፍሎች ለአዋቂም ይከብዳሉ።

መጀመሪያ የትኛውን ልይ?

የጃፓኑን። ምክንያቱ ቀዳሚ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ አጭርና ጸጥ ያለ ስለሆነ፣ ከኮሪያው ድምቀት በኋላ ቢታይ ዝምታው እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይችላል። በሳምንት ሁለት ክፍል እያሉ ቢያዩት ደግ ነው፤ በአንድ ሌሊት የሚጨረስ ሥራ አይደለም። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት አሳልፈው ወደ ኮሪያው ቢሄዱ፣ የሚያውቁት ታሪክ በሌሎች ሴቶች ፊት ላይ ሲነገር ያገኙታል፤ በተለይ አሳዳጊ እናቲቱ የምትታይባቸውን ትዕይንቶች አይዝለሉ።